የወገብ ህመም ህክምና ላይ ጥናት የምትሠሩ ልጆች፣ እባካችሁ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ሰሞኑን እንደገና አንድ ፕሮፖዛል አነበብኩ። ርዕሱ ጥሩ ነው፣ ልጁም ጎበዝ ፊዚዮቴራፒስት ነው፣ ዕቅዱ ግን ያው የለመድነው፦ ስር የሰደደ የወገብ ህመም ያለባቸውን ሰዎች ሰብስቦ፣ ስምንት ሳምንት ኤክሰርሳይስ አሠርቶ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ህመማቸውን ለክቶ፣ ከቀነሰ ህክምናው ሠርቷል ሊል ነው። ኮንትሮል ግሩፕ፣ ማለትም አዲሱን ህክምና ሳያገኝ ለማወዳደሪያ የሚያዝ ቡድን፣ የለም። በየዓመቱ ይሄንኑ አያለሁ፣ በየዓመቱም ያንኑ እመልሳለሁ፣ ስለዚህ ዛሬ በደንብ ልጻፈው።

እስቲ አስቡት፣ ወገቡን የሚያመው ሰው ሀኪም ቤት የሚመጣው መቼ ነው? ሲብስበት ነዋ። ችሎ ችሎ፣ ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ ገዝቶ ውጦ፣ ወጌሻ ጋ ሄዶ ታሽቶ፣ በመጨረሻ ጠዋት ከአልጋው መነሳት ሲያቅተው ነው ካርድ የሚያወጣው። ያን ቀን ህመሙ ከ10 ስንት ነው ስትሉት 8 ይላል፣ ትመዘግባላችሁ። ይሄ ህመም ደግሞ ባህሪው አንዴ መነሳት አንዴ መብረድ ነው፣ ከስምንት ሳምንት በኋላ ምንም ሳትነኩት እንኳ ብዙው ሰው 6 ወይም 5 ይላችኋል፣ ምክንያቱም የመጣው በከፋበት ሰሞን ነው፣ አሁን ወደለመደው ተመለሰ፣ በቃ። ስታትስቲክስ ይሄን ሪግሬሽን ቱ ዘ ሚን ይለዋል። በዚያ ላይ "ህመሙ ከ5 በላይ የሆነ ብቻ ይግባ" የሚል መስፈርት ስትጨምሩ የባሰበትን ሰሞን ራሳችሁ መርጣችሁ አስገባችሁት ማለት ነው። ከዚያ ሁለቱን ልኬት የሚያወዳድረው ቲ ቴስት ተሠርቶ ፒ ቫልዩ (እውነተኛ ለውጥ ባይኖር ይህን የሚያህል ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉ) 0.001 ሲወጣ ሁሉም ደስ ይለዋል፣ ግን ያ ቁጥር የሚለው ህመሙ ቀንሷል ነው፣ እናንተ ቀነሳችሁት አይልም። ሁለቱ ለየቅል ናቸው!

"ታዲያ ኮንትሮል ስናደርግ ታማሚውን ህክምና ነፈግነው ማለት አይደል ወይ" ብለው የሚጠይቁኝ አሉ፣ ጥያቄው ከደግ ልብ የመጣ ስለሆነ አከብረዋለሁ። ግን ማንም አይነፈግም። ሁሉም የተለመደውን ህክምና ያገኛል፣ ግማሹ ላይ የእናንተው ይጨመራል፣ ጥናቱ ሲያልቅና የሚጠቅም ከሆነ ሌላው ግማሽም ያገኛል። እኔ በተቃራኒው የሚከነክነኝ ሰውን ከሥራው አስቀርቶ፣ የታክሲ አስወጥቶ፣ ምንም የማያረጋግጥ ጥናት ውስጥ ማስገባቱ ነው።

ኮንትሮል አለኝ ማለትም ብቻውን አይበቃም፣ ከምን ጋር ነው ያወዳደራችሁት የሚለው አለ። ጌራክ የሚባለውን የጀርመን የአኩፓንቸር (ሰውነት ላይ የተወሰኑ ነጥቦችን በቀጭን መርፌ የመውጋት ህክምና) ጥናት እዩት፣ በ2007 የወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። 1,162 ሰዎችን ሦስት ቦታ ከፈለ፦ አንዱ ትክክለኛው ነጥብ ላይ መርፌ ተወጋ፣ አንዱ ነጥብ ያልሆነ ቦታ ላይ ለይስሙላ ከላይ ከላይ ተወጋ፣ ሦስተኛው የተለመደውን መድኃኒትና ፊዚዮቴራፒ ወሰደ። በ6 ወሩ የተሻላቸው በቅደም ተከተል 47.6፣ 44.2 እና 27.4 በመቶ ሆኑ። መሀለኛው ግሩፕ ባይኖር ኖሮ ነጥቦቹ ናቸው ያሻሉት ተብሎ ይታመን ነበር፣ እሱ ስላለ ግን ነጥቡ ብዙም ለውጥ እንዳላመጣ ታየ፤ መወጋቱ፣ የሀኪሙ ጊዜ፣ የሰውየው ተስፋ፣ ይሄ ሁሉ የራሱ ሥራ አለው። ስለዚህ መጀመሪያ ጥያቄያችሁን ለዩ። "ከተለመደው ህክምና ይሻላል ወይ" ከሆነ ከተለመደው ጋር አወዳድሩ፣ "የሚሠራው እኔ በምለው ምክንያት ነው ወይ" ከሆነ ግን የይስሙላውን ህክምና ማዘጋጀት የግድ ነው።

ሁለተኛው ትልቁ ጉዳይ ይሉኝታ ነው። ይሄን የውጭ መጽሐፍ በደንብ አያስተምራችሁም። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ዳታ ሲሰበሰብ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ፣ ፎርሙን ይዞ የሚጠይቀው ራሱ ሲያክማቸው የከረመው ልጅ ነው። "እማማ፣ ህመሙ አሁን ከ10 ስንት ይሆናል?" "ተመስገን ልጄ፣ ሁለት በለው፣ እጅህ ይባረክ።" ሁለት ተብሎ ተጻፈ። እሳቸው ወጥተው ኮሪደሩ ላይ የጫማቸው ክር ተፈቶ ነበር፣ ማጎንበስ አቅቷቸው የልጅ ልጃቸው ናት ተንበርክካ ያሰረችላቸው። እማማ አልዋሹም፣ እያመሰገኑት ነው። ለደከመላቸው ልጅ "ኧረ ምንም አልተሻለኝም" ብለው ፊቱን እንዲያጠቁሩት ነው የምትጠብቁት? ስለዚህ ያከመ ሰው አይጠይቅ፣ በፍጹም። ሌላ ሰው፣ በሌላ ክፍል፣ ታማሚው የትኛው ግሩፕ እንደሆነ ሳያውቅ ይጠይቅ፣ ከመጀመሩ በፊትም "የእርስዎ መልስ ማንንም አያስወቅስም፣ እኛን የሚጠቅመን እንዳለ ሲነግሩን ነው" ይበላቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ህመምን የሚለካው ታማሚው ራሱ ስለሆነ፣ እሱ ኤክሰርሳይስ ግሩፕ መሆኑን እያወቀ ጠያቂው ባለማወቁ ብቻ "ብላይንድ ነው"፣ ማለትም ማን የትኛው ግሩፕ እንደሆነ አይታወቅም፣ ብላችሁ አትጻፉ። የጥናቱ ድክመት ብላችሁ በግልጽ አስቀምጡት፣ ከተቻለም ዕጣው ከመውጣቱ በፊት እያንዳንዱ ሰው ከህክምናው ምን ያህል እንደሚጠብቅ ጠይቃችሁ መዝግቡ።

ዕጣ ካልኩ አይቀር፣ ካርድ ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ ኤክሰርሳይስ፣ ሙሉ ከሆነ ኮንትሮል ማለት ራንደማይዜሽን (ሰዎችን በዕጣ መመደብ) አይደለም! ካርዱን የያዘው ሰው ቀጣዩ የት እንደሚገባ አስቀድሞ ያውቃል፣ አንጀቱን የበላውን ሰው ጥሩ ወደሚለው ግሩፕ ለማስገባት ነገ ተመለስ ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ሰኞና ረቡዕ የመጣ፣ ማክሰኞና ሐሙስ የመጣ የሚባለውም ያው ነው። ዝርዝሩን ከጥናቱ ውጪ ያለ ሰው በኮምፒውተር ያውጣ፣ ፖስታው ቁጥር ያለው፣ የታሸገና ብርሃን የማያሳልፍ ይሁን፣ ወደ መስኮት ከፍ አድርጎ ውስጡን የሚያነብ ሰው አለ።

ኤምአርአይ ላይ ያላችሁን እምነት ቀንሱልኝ። "ዲስኩ ወጥቷል" የሚል ሪፖርት ይዞ ስለመጣ የህመሙ ምክንያት ተገኘ ብላችሁ ጥናቱን በዚያ ላይ አትገንቡ። በ2015 የወጣ፣ ምንም ህመም የሌለባቸውን 3,110 ሰዎች ያካተተ የጥናቶች ክለሳ፣ የዲስክ ማርጀት በ20 ዓመት ወጣቶች ላይ 37 በመቶ፣ በ80 ዓመት አረጋውያን ላይ 96 በመቶ እንደሚታይ አሳይቷል። ልድገመው፣ ምንም የማያማቸው ሰዎች ናቸው።

አንድ ጥናት አንብቦ መሮጥም አለ። በ2013 ዴንማርኮች 162 ሰዎች ላይ የሠሩት ጥናት ወጣ፦ ኤምአርአይ ላይ ሞዲክ የሚባለው የአጥንት ለውጥ ላለባቸው የቆየ የወገብ ህመምተኞች ለ100 ቀን አሞክሲሲሊን ክላቭላኔት የሚባለው አንቲባዮቲክ ሲሰጣቸው በጣም ተሻላቸው የሚል። ዓለም ተንጫጫ፣ የወገብ ህመም በአንቲባዮቲክ ሊድን ነው ተባለ። በ2019 ኖርዌጂያኖች 180 ሰዎች ይዘው አሞክሲሲሊንን ከፕላሴቦ (መድኃኒት ከሌለበት የይስሙላ ክኒን) ጋር ለሦስት ወር ደግመው ሞከሩት። የወገብ ህመም ኑሮን ምን ያህል እንዳወከ በሚለካው ሮላንድ ሞሪስ በሚባለው ባለ 24 ነጥብ መጠይቅ ላይ በዓመቱ የተገኘው ልዩነት 1.6 ነጥብ ብቻ ነበር። ደስ የሚለኝ እዚህ ላይ ነው፣ ሰዎቹ ጥናቱን ሳይጀምሩ "ከ4 ነጥብ በታች የሆነ ልዩነት ለታማሚው ትርጉም የለውም" ብለው ጽፈው ነበር፣ ስለዚህ ወደ ኋላ ዞረው 1.6ን ማሳመር አልቻሉም፣ ህክምናውን አንመክርም አሉ። እኛ አገር አንቲባዮቲክ እንዴት እንደሚዋጥ ለምታውቁት ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። እናንተም ከመጀመራችሁ በፊት ስንት ነጥብ ቢቀንስ ነው ሰውየው ተሻለኝ የሚለው የሚለውን ጻፉ፣ ብዙ ጊዜ ከ10 ላይ 2 ነጥብ ወይም ከመነሻው 30 በመቶ ይወሰዳል፣ የናሙናውን ብዛትም በሱ አስሉ።

በአጭሩ የማልፋቸው፦ አዲስ የጀመረውንና የቆየውን ህመም አትቀላቅሉ፣ አዲሱ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይሻላል። የቆየ የሚባለው ቢያንስ 3 ወር ያለፈው ነው፣ በ2014 የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ምርምር ተቋም (ኤንአይኤች) ያቋቋመው ግብረ ኃይል ደግሞ ባለፉት 6 ወራት ካሉት ቀኖች ቢያንስ በግማሾቹ ያመመው ይላል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ያለበትን ሰው ኤክሰርሳይስ ከማሠራታችሁ በፊት የአከርካሪ ቲቢ አለመሆኑን አረጋግጡ፣ እዚህ አገር ይሄን መዝለል ሰው ሽባ ያደርጋል። "ፊዚዮቴራፒ ተሰጠ" ብላችሁ አትለፉ፣ ምን ዓይነት፣ ስንት ጊዜ፣ ለስንት ደቂቃ፣ በማን። ጥናቱን የመጀመሪያው ሰው ከመግባቱ በፊት መዝግቡ፣ የፓን አፍሪካው የህክምና ሙከራዎች መዝገብ አለላችሁ፣ ትልልቅ ጆርናሎች ከ2005 ጀምሮ ያልተመዘገበ የህክምና ሙከራ አይቀበሉም።

መጠይቁን ስትመርጡ የሰውን ኑሮ እዩ። ሮላንድ ሞሪስ ውስጥ ደረጃ ስትወጣ መደገፊያ ትይዛለህ ወይ የሚል አለ፣ ደረጃ የሌለበት ቀበሌ የሚኖር ገበሬ ምን ብሎ ይመልስላችሁ? ኦስዌስትሪ በሚባለው ሌላው የወገብ ህመም መጠይቅ ላይ ያለውን የወሲብ ጥያቄ ደግሞ ብዙ ሰው ባዶ ነው የሚተወው፣ ለዛ ቀድማችሁ ተዘጋጁ። ከነዚህ ጎን ለጎን ታማሚው ራሱ የተቸገረባቸውን ሦስት አራት ሥራዎች ጠርቶ ከ0 እስከ 10 የሚሰጥበት ስኬል አለ፣ እሱን በጣም እወደዋለሁ። አንዷ ምጣድ ላይ ጎንበስ ብዬ እንጀራ መጋገር ትላለች፣ አንዱ ጀሪካን መሸከም፣ አንዱ ሶላት ላይ ሱጁድ ማድረግ።

የመከታተያ ጊዜውም ነገር አለ። ስምንት ሳምንት ለቴሲስ ይመቻል፣ ለዓመታት ለሚቆይ ህመም ግን ያንሳል። በ2018 የወጣው፣ በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ክሊኒኮች የተሠራው ስፔስ የሚባል ጥናት የወገብ፣ የዳሌ ወይም የጉልበት የቆየ ህመም ያለባቸውን 240 ሰዎች 12 ወር ተከታትሎ ነው ኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊን ያለው የማስታገሻ ዓይነት) ከሌሎቹ ማስታገሻዎች በእንቅስቃሴ እንደማይበልጥ፣ በህመም መጠን እንዲያውም ትንሽ እንደሚብስ ያሳየው። ቀጠሮ ስትይዙ ደግሞ ካላንደር ይዛችሁ ይሁን፣ መለኪያው ሰሙነ ሕማማት ላይ ከዋለ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲሰግድ ሰንብቶ ነው የሚመጣላችሁ፣ አጨዳ ላይ ከዋለ ጭራሽ አይመጣም። ያልመጣውን ሰው ከዝርዝሩ ሰርዛችሁ የመጡትን ብቻ አታስሉ፣ የቀረው ብሶበት ሊሆን ይችላል፣ ዕጣ የደረሰው ሁሉ በደረሰው ግሩፕ ይቆጠር። መጀመሪያውኑ እንዳይጠፉ የታማሚውን ስልክ ብቻ ሳይሆን የአንድ ልጁን ወይም የጎረቤቱን ስልክም ተቀበሉ፣ የትራንስፖርት አበሉን በጀት ውስጥ አስገቡ፣ ከቀጠሮው ሁለት ቀን ቀድማችሁም ደውሉ።