ኮክሊያር ኢምፕላንቱ ከተከፈተ በኋላ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

ኮክሊያር ኢምፕላንት መስማት ለተሳነው ሰው በቀዶ ሕክምና የሚገባ የመስሚያ መሣሪያ ነው፣ ውጭ ራስ ላይ የሚደረግ ማሽን አለው። የልጄ ማሽን የተከፈተ ቀን ዘመድ ሁሉ እየደወለ «ሰማች ወይ? እማዬ አለችሽ?» ይለኛል። የምን እማዬ! አልቅሳ ማሽኑን ከራሷ ላይ መነጨቀችው። ይሄ ነገር እንደ መነጽር አይደለም፣ እንዳጠለቁት ጥርት አይልም። ማሽኑ ድምፁን በኤሌክትሪክ ለመስሚያ ነርቩ ያደርሳል፤ ድምፁ ምን እንደሆነ የሚማረው ግን አእምሮ ነው፣ እሱ ደግሞ ወራት ይፈጃል፣ ለሕፃናት ዓመታትም።

ስለዚህ ከእንቅልፏ ከነቃች ጀምሮ እስክትተኛ ማሽኑ አይውለቅ። (ትንንሾቹን ክብ ባትሪዎች ደግሞ ደብቁ፣ ልጅ ከዋጣቸው አደገኛ ናቸው።)

ጠዋት ጠዋት ስድስት ድምፆች ሞክሩ፦ ኣ፣ ኡ፣ ኢ፣ ሽ፣ ስ፣ ም። ዳንኤል ሊንግ የተባለ ባለሙያ ያወጣው ነው፣ የንግግርን ድምፅ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ይፈትሻል። እኔ ከኋላዋ ሆኜ አንድ አንዱን እላለሁ፣ እሷ በሰማች ቁጥር ቆርኪ ሳህን ላይ ትጥላለች። በእኩል ጊዜ ልዩነት አትበሉት፣ ልጆች ተንኮለኞች ናቸው፣ ሳይሰሙም ገምተው ይጥላሉ። ትናንት የሰማችውን «ስ» ዛሬ ካጣችው ባትሪውንና ገመዱን እዩ፤ ካልሆነ ኦዲዮሎጂስቷ (የመስማት ባለሙያዋ) ጋ ደውሉ።

ቀኑን ሙሉ ደግሞ ጆሮ ይቅደም፣ ዓይን ይከተል። ቡና ስወቅጥ ሙቀጫውን አላሳያትም። ጆሮዬን ነካ አድርጌ «ስሚ! ምንድነው?» እላትና ዝም እላለሁ። ዝም ማለቱ ነው የሚከብደው፤ እስከ አሥር ቁጠሩ። ከዚያ እጇን ይዤ ወስጄ አሳያታለሁ።

ቃላት ላይ ስትደርሱ በርዝመት የሚለያዩትን አስቀድሙ፦ ኳስ፣ ድመት፣ ብርቱካን። «ቀዳ» እና «ከዳ»ን፣ «ቀበረ» እና «ከበረ»ን ለበኋላ አቆዩ። የአማርኛ ዋናው ፈተና ግን መጥበቅና መላላት ነው፣ ፊደሉ አንድ ሆኖ ድምፁ ይለያያል። «ገና አልመጣም» (ላልቶ) እና «ገና መጣ» (በዓሉ፣ ጠብቆ) እያላችሁ በዓረፍተ ነገር ውስጥ አሰሟት፣ ቃሉን ለብቻው ብትሉት ማንም ግራ ይገባዋል።

አትጩኹ። ጩኸት ቃሉን ያበላሸዋል። ቴሌቪዥኑን አጥፉና ኢምፕላንቱ ባለበት በኩል ተጠግታችሁ በተለመደው ድምፃችሁ አውሯት። ካልገባት አንዴ ድገሙት፣ አሁንም ካልገባት በሌላ ቃል በሉት። ደግሞ ውጭ አገር ያላችሁ፣ የተሰባበረ እንግሊዝኛችሁን ተዉትና በደንብ በምትችሉት ቋንቋ አውሯት፣ አማርኛም ቢሆን የተትረፈረፈ ወሬ ነው የሚጠቅማት።

ስልክ የመጨረሻው ነው። እኛ ከአያቷ ጀመርን፣ ጥያቄዎቹን አስቀድመን ተስማምተን። «ምን በላሽ የኔ እናት?» ትላለች አያቷ በየቀኑ፣ ሳትቀይር። ከሳምንታት በኋላ ሳትነግረን «የት ናት እናትሽ?» ብላ ጠየቀች። ልጄ ዘወር ብላ አየችኝና «ማድቤት» አለች።