የጡረታ ቁጠባ ፈንድ ስትመርጡ ክፍያውን አስቀድማችሁ ተመልከቱ

የምሠራው በሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ነው። አዲስ ተቀጣሪዎች የጡረታ ቁጠባ ቅጻቸውን ይዘው ወደ እኔ ይመጣሉ። ከደመወዛቸው ስንት በመቶ እንደሚቆረጥ ሞልተው የፈንዶቹ፣ ማለትም የብዙ ቆጣቢዎችን ገንዘብ አሰባስበው የሚያፈሱት፣ ዝርዝር ላይ ሲደርሱ እጃቸው ይቆማል። አብዛኞቹ ባለፈው ዓመት ብዙ ያተረፈውን ፈንድ ያሳዩኛል። እኔ ግን ዓመታዊ የአስተዳደር ክፍያ የሚለውን ዓምድ እንዲያነቡ እጠይቃቸዋለሁ።

ያለፈው ዓመት ትርፍ ለመጪው ዋስትና አይሆንም፤ ክፍያው ግን ገበያው ቢወጣም ቢወርድም ይቆረጣል። እስቲ እናስላው። በ25 ዓመታችሁ ያስቀመጣችሁት 10,000 በየዓመቱ 7 በመቶ ቢያድግ ከ40 ዓመት በኋላ 150,000 ገደማ ይሆናል። ክፍያው አንድ በመቶ ወስዶ ዕድገቱ ወደ 6 ቢወርድስ? 103,000 ገደማ ብቻ ይደርሳል። ትንሽ የምትመስለው አንድ በመቶ የእርጅናችሁን ገንዘብ ሲሶ ያህል ወሰደች ማለት ነው። ይህን ስሌት ያልሠራ ወጣት ፈንድ ባይመርጥ እመርጣለሁ።

ክፍያቸው አነስተኛ ከሆኑት መካከል የኢንዴክስ ፈንዶች ይገኛሉ። አሸናፊ ኩባንያ ለመለየት አይደክሙም፤ በአንድ መለኪያ ዝርዝር ውስጥ ያሉትን ኩባንያዎች አክሲዮን በሙሉ ይገዛሉ። ጆን ቦግል የመሠረተው የአሜሪካው የፈንድ ኩባንያ ቫንጋርድ ይህን መንገድ ለተራው ቆጣቢ የከፈተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የኢንዴክስ ፈንድ በዝርዝራችሁ ውስጥ ካለ ከእሱ ጀምሩ።

ቀጥሎ የሚመጣው የአክሲዮንና የቦንድ (ለመንግሥት ወይም ለኩባንያ በወለድ የሚሰጥ ብድር) ድርሻ ነው። ጡረታው 40 ዓመት ለቀረው ሰው አብላጫው አክሲዮን ቢሆን ይሻላል ባይ ነኝ። «ኪሳራ የለውም» ተብሎ ዝቅተኛ ወለድ በሚከፍል ፈንድ የተቀመጠ ገንዘብ የዋጋ ግሽበት ቀስ በቀስ የመግዛት አቅሙን ያሳጣዋል። አክሲዮን ግን ያስደነግጣል። ከ2007 መገባደጃ እስከ 2009 መጀመሪያ የ500 ያህል ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን አክሲዮን የሚለካው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከዋጋው ከግማሽ በላይ አጣ፤ የቀድሞ ከፍታውን ያለፈው በ2013 ነው። በዚያ መሐል ደንግጦ የሸጠ ኪሳራውን አጸናው፤ መዋጮውን ያላቋረጠ በርካሽ ሲገዛ ቆየ። ለድንገተኛ ችግር የሚሆን የጥቂት ወራት ወጪ በባንክ ለብቻው ይቀመጥ፤ ያኔ በክፉ ቀን ለመሸጥ አትገደዱም።

ድርሻውን ራሳችሁ መመጠን ከከበዳችሁ የጡረታ ዓመት በስሙ የተጻፈበትን ፈንድ፣ ለምሳሌ 2065 የሚለውን፣ ምረጡ። ዓመቱ ሲቃረብ አክሲዮኑን እየቀነሰ ቦንዱን ይጨምራል። ብቻውን ይበቃል፤ ሌሎች ፈንዶች አትደርቡበት። ክፍያውን ግን እዚህም ተመልከቱ።

አሠሪያችሁ መዋጮ የሚጨምርላችሁ ከሆነ ቢያንስ ሙሉውን የሚያስገኝላችሁን ያህል አዋጡ፤ ይህ ክርክር የለውም። በአሠሪያችሁ አክሲዮን ላይ ግን ቁጠባችሁን አትከምሩ። የአሜሪካው የኃይል ኩባንያ ኤንሮን በ2001 ሲከስር ብዙ ሠራተኞቹ ሥራቸውንም የጡረታ ገንዘባቸውንም በአንድ ጊዜ አጥተዋል።

ቅጹን ከመመለሳችሁ በፊት የወራሽ ስም የሚለውን መስመር ሙሉ። ወጣቶች ባዶውን ይተዉታል፤ እኔም አልቀበላቸውም፣ መልሼ እሰጣቸዋለሁ። ስታገቡ ወይም ልጅ ስትወልዱ ደግሞ መጥታችሁ አስተካክሉት።