በእርግዝና ስኳር ተገኝቶብሽ ተመላላሽ ለጀመርሽ እህቴ

እኔ በ26ኛ ሳምንቴ ነው ደሴ ላይ የተነገረኝ። 75 ግራም ግሉኮስ በጥብጠው ያጠጡሻል፣ የደም ስኳርሽ (በmg/dL) በባዶ ሆድ 92፣ ከጠጣሽ በአንድ ሰአት 180፣ በሁለት ሰአት 153፣ ከነዚህ አንዷን ከነካሽ ወይ ካለፍሽ በቃ አለብሽ ነው። የኔ በባዶ ሆድ 97 ነበር፣ ታክሲ ውስጥ አልቅሻለሁ፣ ለካ አብዛኛው ሰው አልጋ ሳይዝ በቀጠሮ እየተመላለሰ ነው ሚጨርሰው።

የስኳር መለኪያ ማሽን ስትገዢ ስትሪፑ (ደሙ ሚነካባት ቀጭን ቁራጭ) በቅርብሽ ፋርማሲ እንደማይጠፋ አጣሪ፣ ያለሱ ጌጥ ነው። ጠዋት ሳትቀምሺ ከ95 በታች፣ ከበላሽ በአንድ ሰአት ከ140 በታች ወይም በሁለት ሰአት ከ120 በታች፣ ሰአቱ ሚቆጠረው ደሞ ከመጀመሪያዋ ጉርሻ ነው። እጅሽን ታጠቢ! እኔ ማንጎ ልጬ ለክቼ 190 ምናምን አይቼ ልቤ ልትወጣ ነበር፣ ታጥቤ ስደግመው 118። ጣትሽንም መሀሉን ሳይሆን ጎኑን ውጊ፣ መሀሉ ያማል።

ደብተር ያዢ፣ ግን በቀጠሮ ዋዜማ ቁጭ ብለሽ ጥሩ ጥሩ ቁጥር አትፍጠሪ፣ መድሀኒቱ ሚወሰነው በሱ ነው። ከቁጥሩ ጎን የበላሽውንም ጻፊ። እኔ «ሀሙስ 163፣ ዱአ ላይ፣ ቡና ከነቂጣው» ብዬ ጽፌ ነርሷ አይታ ስቃ ስንት ማንኪያ ስኳር አለችኝ፣ አቦል ሁለት ቶና ሁለት በረካ ሁለት፣ ስድስት ማንኪያ! እኔ እንጀራውን ስወቅስ ነው የከረምኩት። አሁን አንድ ስኒ፣ ያለስኳር፣ መጀመሪያ ሬት ነው ከዛ ትለምጃለሽ።

እንጀራ አልተከለከለም፣ ቀነስ አርገሽ ምስሩንና ጎመኑን አብዢው፣ በቀን ሶስቴ በመሀል ትንሽ መቆያ። እትዬ እገሊት «ለሁለት ብዪ» እያለች በማር አጥሚት ስታመጣ አመስግነሽ ለባልሽ ስጪው። ከበላሽ በኋላ 15 ደቂቃ ወክ ቁጥሩን ያወርደዋል፣ የደሴ ዳገት ከከበደሽ ግቢሽ ውስጥ ተንጎራደጂ። ረመዳንም ሆነ ሁዳዴ ሀኪምሽን ሳታማክሪ አትጹሚ።

በምግብ አንድ ሁለት ሳምንት ሞክረሽ ካልወረደ ኢንሱሊን (መርፌ) ወይ ሜትፎርሚን (ክኒን) ይሰጥሻል። ኢንሱሊን ልጁን ይጎዳል ሚሉሽን አትስሚ፣ ወደ ልጁ አያልፍም። ኢንሱሊኑን ፍሪዘር ውስጥ ግን እንዳትከቺው፣ በረዶ ከነካው ይጣላል። ካላበሽ፣ ከተንቀጠቀጥሽ ለኪ፣ ከ70 ከወረደ ሶስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሀ ጠጥተሽ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኪ። የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይ የአይን ብዥታ ከመጣ፣ ደም ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በሌሊትም ቢሆን ሂጂ።

ስትወልጂ ቶሎ አጥቢው፣ የሱም ስኳር ይለካል፣ ሊወርድበት ስለሚችል። ብዙዎቻችን ምንረሳው የመጨረሻውን ነው፣ ከወለድሽ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ያንን ጣፋጭ ውሀ እንደገና መጠጣት አለ፣ ደህና ብትሆኚም ከዛ በኋላ በየአንድ እስከ ሶስት አመቱ መታየት ነው። እኔ ቀኑን የልጄ የክትባት ካርድ ላይ ነው ያስጻፍኩት፣ እሷን መቼም አልጥላትም።