ቀጭን የወርቅ ጅማት፦ ከላይ መግፈፍ ወይስ ዋሻ ማስገባት?

የሰሜን ሸዋ ደጋ በአብዛኛው ባዛልት በተባለ የእሳተ ገሞራ አለት የተሸፈነ በመሆኑ፣ ከደብረ ብርሃንና ከመንዝ ተደራጅተው ወርቅ ፍለጋ የሚወጡ ወጣቶች የሚያቀኑት እንደ ጉጂና ቤኒሻንጉል እጅግ ጥንታዊ አለት ወደ ወጣባቸው አካባቢዎች ነው። ከመቆፈራችሁ በፊት አንድ ስሌት እንድትሠሩ አደራ እላለሁ።

ውፍረቱ ግማሽ ሜትር የሆነ፣ ቀጥ ብሎ የወረደ ጅማት፣ ማለትም በአለት መካከል እንደ ሰሌዳ የተዘረጋ ወርቅ ያዘለ ድንጋይ፣ አገኛችሁ እንበል። ግድግዳው እንዳይናድ ግራና ቀኙን በ45 ዲግሪ አዘቅዝቃችሁ 10 ሜትር ብትወርዱ፣ ለአንድ ቶን ማዕድን 20 ቶን ያህል ባዶ (ወርቅ የሌለው) ድንጋይ ታነሣላችሁ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ይህ አማካይ ቁጥር እንጂ የመጨረሻዋ ሜትር ዋጋ አይደለም። አሥረኛዋ ሜትር ላይ ስትደርሱ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ቶን የምታነሡት 40 ቶን ገደማ ሆኗል፤ የላይኛው ርካሽ ቁፋሮ የታችኛውን ኪሳራ ይሸሽገዋል።

ስለዚህ በዋሻ አንድ ቶን የጅማት ድንጋይ ለማውጣት ከሚጠይቀው ወጪ ላይ፣ ያንኑ ቶን ከላይ ለማንሣት የሚወጣውን ቀንሱና ቀሪውን ለአንድ ቶን ባዶ ድንጋይ ማንሻ በሚወጣው ወጪ አካፍሉት። ለምሳሌ ያህል ዋሻው 6,000፣ የላዩ 800፣ የባዶው ድንጋይ 260 ብር ቢሆን ውጤቱ 20 ነው፤ ለተጨማሪዋ ቶን የምታነሡት ባዶ ድንጋይ ከ20 ቶን ካለፈ ዋሻው ይሻላል ማለት ነው፤ ይህም በምሳሌያችን ጅማት ላይ የሚገኘው 5 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። በአማካዩ የሚመራ ቡድን ግን እስከ 10 ሜትር ይወርዳል።

የዋሻውን ወጪ ስታሰሉ ጅማቱ ከጎን ድንጋይ ጋር እንደሚቀላቀል አትርሱ። ሰው ለመሥራት 1.2 ሜትር ስፋት ቢያስፈልገው፣ በቶን 10 ግራም የነበረው ወርቅ ወደ 4.2 ግራም ገደማ ይወርዳል፤ የተቀላቀለውን ማውጣትና መፍጨትም ከወጪው ይደመር።

እንደ ጀማ ገደል ባለ ቁልቁለት ወገብ ላይ ጅማቱ ብቅ ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ወለሉ ወደ ውጭ በትንሹ ያዘቀዘቀ አግድም ዋሻ ውሃውን ያለ ፓምፕ ያፈሳል።

ዋሻ የገባ ሰው በየጠዋቱ ጣሪያውን በብረት ዘንግ ይምታ፤ ጥርት ብሎ የሚጮኸው በአብዛኛው ጤነኛ ሲሆን፣ እንደ ከበሮ የሚያስተጋባው የላላ ስለሆነ ራቅ ብሎ በረጅም ዘንግ መውረድ አለበት። የሚሠራ ጀነሬተር ከነጭሱ ወደ ውስጥ ፈጽሞ አይግባ፣ ሽታ የሌለው መርዝ ይገድላልና። ከላይ ተቆፍሮ ከተተወ ጉድጓድ ሥር ዋሻ ከማስገባታችሁም በፊት፣ በሁለቱ መካከል የሚቀረውን ያልተነካ አለት ውፍረት በባለሙያ አስወስኑ፤ ክረምት ሲገባ ያ ጉድጓድ ውሃ ይሞላል።