ጠቅላላ አንፃራዊነትን ለብቻ ማጥናት፦ የት ጋ ተቸከላችሁ?

እዚህ ጅማ ሆኜ የአንስታይንን ጠቅላላ አንፃራዊነት፣ ማለትም ስበትን የቦታና የጊዜ መጉበጥ አድርጎ የሚያስረዳውን ንድፈ ሐሳብ፣ ለብቻዬ ማጥናት ከጀመርኩ ቆየሁ። ጀምረው ያቆሙ ልጆችን ሳናግር ሁሌ የማየው አንድ ነው፤ ጭንቅላታቸው ይችላል፣ የተዛባው ቅደም ተከተሉ ነው።

«ቪዲዮው ይገባኛል፤ ሰው ‹ዕቃ ለምን ይወድቃል?› ሲለኝ ግን አፌ ይያዛል»

ምክንያት፦ ቪዲዮዎቹ የሚያሳዩት ያ የተወጠረ ጨርቅ። መሃሉ ላይ ከባድ ኳስ ይቀመጣል፣ ጨርቁ ይረግባል፣ ትንሿ ኳስ ወደ መሃል ትንከባለላለች። ቆይ ግን፣ ትልቁን ኳስ ወደ ታች የሚጎትተው ምንድን ነው? ስበት። ስበትን በስበት ማስረዳት አይሆንም። ደግሞ ምስሉ ውስጥ ጊዜ የለም፤ ለድንጋይና ለብርጭቆ መውደቅ ግን ዋናው ነገር ጊዜ ነው።

መፍትሄ፦ ከሰዓት ጀምሩ። ጅማ ከባህር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ። ሁለቱም ጋ አቶሚክ ሰዓት ብናስቀምጥ የአዲስ አበባው በየቀኑ 5 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ይቀድማል። ራሳችሁ ሥሩት፦ 9.8ን በከፍታው ልዩነት አባዙ፣ ለብርሃን ፍጥነት ካሬ አካፍሉ፣ በ86,400 ሰከንድ አባዙ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ላይ ሲሆን፣ በፍጥነታቸው የሚዘገየው ተቀንሶም ልዩነቱ በቀን 38 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ገደማ ይደርሳል።

አሁን ድንጋይ ወደ ላይ ወርውሩ። ድንጋዩ የሚሄደው በራሱ ሰዓት ረጅሙ ጊዜ በሚቆጠርበት መንገድ ነው። ከፍ ሲል ሰዓቱ ይፈጥናል። በጣም ከፍ ልበል ብሎ ቢጣደፍ ግን ፍጥነቱ ራሱ ሰዓቱን ያዘገየዋል። ሁለቱ የሚታረቁበት መንገድ ያ የምናውቀው ቅስት ነው። ይሄ ሲገባኝ ደብተሬን ዘግቼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

«የሚወድቅ ሰው ስበት አይሰማውም የሚለው አይዋጥልኝም»

ይሄ ቀላል ነው። ባዶ ሃይላንድ ከታች በኩል ብሱና ውሃ ሙሉት፤ ክዳኑን ክፈቱት። ውሃው ይፈሳል። ከፍ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ውሃውም ሃይላንዱም እኩል ስለሚወድቁ፣ እየወደቀ ሳለ መፍሰሱን ያቆማል። አንስታይን በ1907 ከዚሁ ሐሳብ ነው የተነሳው።

«ሒሳቡ ላይ ስደርስ እጠፋለሁ»

ብዙ ሰው የሚቀረው እዚህ ነው። ምክንያቱ ጉብጠትን በእጅ ሳይነኩ ቴንሰር (ጉብጠት የሚጻፍበት የቁጥሮች ሠንጠረዥ) ውስጥ ዘሎ መግባት ነው። አንስታይንም ብቻውን አልተወጣውም፤ በ1912 የሒሳብ ሊቁ ጓደኛው ማርሴል ግሮስማን አግዞት ነው፣ የመጨረሻዎቹ እኩልታዎች የወጡትም በኅዳር 1915 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

መፍትሄው ከገበያ ይጀምራል። ብርቱካን ላይ ከእንብርቱ እስከ ወገቡ መስመር አስምሩ፣ ወገቡን ሩብ ዙር ሂዱ፣ ወደ እንብርቱ ተመለሱ። ሦስት ቀጥ ያሉ ማዕዘኖች፣ ድምሩ 270 ዲግሪ። ቀጥሎ አንገቱ ሰርጎድ ያለ አቮካዶ ያዙ፤ ጅማ ላይ አቮካዶ አይጠፋም። ፕላስተር በቀጭኑ ቁረጡና ሳታጣምሙ፣ ሳይጨማደድ ለጥፉት። እሱ የሚሄድበት መንገድ ጂኦዴሲክ ነው፤ በጎበጠ ገጽ ላይ ቀጥ ያለው መንገድ ማለት ነው። በሦስት ቁራጭ ትሪያንግል ሥሩ። ሆዱ ላይ ድምሩ ከ180 ይበልጣል፤ ሰርጎድ ያለው አንገቱ ላይ ያንሳል። ጉብጠት ከቦታ ቦታ ይለያያል ማለት ይሄ ነው። የተጠቀለለ ወረቀት ላይ ግን 180 እንደሆነ ይቀራል፤ ወረቀቱ በራሱ አልጎበጠም።

ከዚያ ወደ ደብተር። ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ነጥቦችን በርቀትና በማዕዘን ለኩ፤ ሜትሪኩን (የርቀት ቀመሩን) ጻፉ፣ የክሪስቶፈል ምልክቶችን (መለኪያው ከነጥብ ነጥብ እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚነግሩትን) አውጡ። ዜሮ ያልሆኑ ይወጣሉ። «ወረቀቱ ጎብጧል» እንዳትሉ፤ የዞረው መለኪያችሁ ነው። እውነተኛውን ጉብጠት የሚለካውን የሪማን ቴንሰር ስታሰሉ ሁሉም ዜሮ ይሆናል። እኔ ሦስት ምሽት ፈጅቶብኛል፣ አንዱን በሻማ። ድምሮቹን አታሳጥሩ፣ አንድ በአንድ ዘርዝሯቸው። ቀጥሎ የኳስ ገጽ ሥሩ፤ እዚያ ዜሮ አይሆንም።

«ገብቶኛል መሰለኝ፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም»

የሽቫርትዝሺልድን የ1916 መፍትሄ፣ እንደ ፀሐይ ባለ ክብ አካል ዙሪያ ያለውን ጉብጠት የሚሰጠውን፣ ይዛችሁ ሁለት ቁጥር አውጡ። በፀሐይ ጠርዝ የሚያልፍ ብርሃን 1.75 የቅስት ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው) መታጠፍ አለበት፤ በ1919 የፀሐይ ግርዶሽ የተለካው ይሄ ነበር። የሜርኩሪ ምህዋር ደግሞ በ100 ዓመት ተጨማሪ 43 የቅስት ሰከንድ መዞር አለበት። 43 ካልመጣ ብዙ ጊዜ የተረሳችው በምህዋሩ እኩልታ ውስጥ ከብርሃን ፍጥነት ካሬ ጋር የምትመጣዋ ትንሿ ተጨማሪ ክፍል ናት። ተመልሳችሁ እሷን ፈልጉ።