ከባዱን ስሌት ለሰርቨር ሰጥቶ የስልክ ባትሪ መቆጠብ

የታተመ የአማርኛ ገጽ በካሜራ አንስቶ ፊደሉን የሚያነብ አፕ እየሰራችሁ ነው እንበል። ሰው አስር ገጽ ሲያነሳ ስልኩ ይግላል፣ ባትሪውም ዓይናችሁ እያየ ይወርዳል። ያኔ ንባቡን ሰርቨር ላይ ማድረግ ይሻላል የሚል ሃሳብ ይመጣል። ሊሻል ይችላል፤ ግን ፎቶ መላክም ባትሪ ይበላልና ኮድ ከመንካታችሁ በፊት ሂሳብ ስሩ።

ዋትን በሰከንድ ስታባዙ ጁል፣ ማለትም ከባትሪው የወጣውን የኃይል መጠን ታገኛላችሁ። ለምሳሌ ፕሮሰሰሩ 2 ዋት እየበላ አንድ ገጽ በ10 ሰከንድ ቢያነብ 20 ጁል ሄደ። ያንኑ ገጽ በ3 ሜጋባይት ፎቶ፣ በሰከንድ 1 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ ኔትወርክ ብትልኩት፣ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 24 ሰከንድ ይፈጃል። ስልኩ ዳታ የሚልክበት ሬዲዮ 1 ዋት ቢበላ 24 ጁል ነው፤ ኪሳራ ላይ ናችሁ። ፎቶውን ወደ 200 ኪሎባይት ብታወርዱት ግን መላኩ 2 ሰከንድ እንኳ አይሞላም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። የሞባይል ዳታ ሬዲዮ ልኮ እንደጨረሰ ወዲያው አይተኛም፤ በ4ጂ ብዙ ጊዜ 10 ሰከንድ አካባቢ ነቅቶ ይጠብቃል። ስለዚህ ያቺ ትንሽ ፎቶም ወደ 12 ጁል ትጠጋለች። አስሩን ገጽ በየግማሽ ደቂቃው አንድ በአንድ ብትልኩ ይህን የመጠበቂያ ጊዜ አስር ጊዜ ትከፍሉበታላችሁ፣ ሰብስባችሁ በአንዴ ብትልኩ ግን አንድ ጊዜ ብቻ። ከሁሉም በፊት ይህን አስተካክሉ።

ፎቶ ስታሳንሱ ደግሞ ለፊደላችን ተጠንቀቁ። ለ እና ሉ፣ ደ እና ዱ የሚለዩት በትንሽ ቅጥያ ነው፤ እሷ ከደበዘዘች ሰርቨሩ ምንም ያህል ጉልበት ቢኖረው ቃሉን ያበላሸዋል፣ ተጠቃሚውም እንደገና ያነሳል፣ የቆጠባችሁት ባትሪ በዚያው ያልቃል። መጀመሪያ የገጹን ጠርዝ ቁረጡ፣ ቀለሙን ወደ ግራጫ ቀይሩ፣ ቀጥሎ የጄፔጉን ጥራት ትንሽ ቀንሱ። የፒክስሉን ብዛት መጨረሻ ላይ ብቻ ንኩት።

ውሳኔውን አንዴ ወስናችሁ ኮድ ውስጥ አትቸንክሩት። እ.ኤ.አ. በ2010 የማይክሮሶፍት ሪሰርች ሰዎች የተሳተፉበት ማዊ የተባለ ሲስተም የትኛው ስራ ወደ ሰርቨር ይሂድ የሚለውን አፑ እየሰራ እያለ ይወስን ነበር። እናንተም በቀላሉ ትችላላችሁ፦ ዋይፋይ ካለ ላኩ፤ ሲግናሉ ደካማ ከሆነ፣ ሬዲዮው ራቅ ወዳለው አንቴና ለመድረስ የበለጠ ኃይል ስለሚያወጣ፣ እዚያው ስልኩ ላይ አስነብቡ። ከፎቶ ላይ ፊደል የሚያነበው ቴሴራክት የተባለ ሶፍትዌር የአማርኛ ሞዴል አለው። የማያስቸኩል ስራ ከሆነ አንድሮይድ ላይ ወርክማኔጀር የተባለው የስራ ማቆያ መሣሪያ ዋይፋይ ወይም ቻርጅ እስኪገኝ ያቆይላችኋል።

ውጤቱ አለቀ ወይ እያላችሁ ሰርቨሩን በየሰከንዱ አትጠይቁ፣ ሬዲዮው እንቅልፍ ያጣል። ሲያልቅ ሰርቨሩ በኖቲፊኬሽን ይንገራችሁ፤ የጉግል ፋየርቤዝ የኖቲፊኬሽን አገልግሎት ለዚህ በቂ ነው። ሰው የመታወቂያውን ፎቶ ሊልክ ስለሚችል ፎቶው ከስልኩ እንደሚወጣ ቀድማችሁ ንገሩት፣ ተነቦ እንዳለቀም አጥፉት።

በመጨረሻ ለኩ። ስልኩን ከቻርጀር ንቀሉ፣ የስክሪኑን ብርሃን አንድ አይነት አድርጉ፣ 100 ገጽ በስልኩ፣ ሌላ ጊዜ ያንኑ 100 ገጽ በሰርቨር አስነብቡና የባትሪውን ፐርሰንት አወዳድሩ። ቢሮ ዋይፋይ ላይ ብቻ ለክታችሁ አትተዉት፤ በዳታ፣ ኔትወርክ በሚደክምበት ሰፈርም ድገሙት።