ነፋስን ከጀርባ አድርጎ መቅዘፍ፦ ከድሬዳዋ ወደ ባሕር የሚወርዱ ጀማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ባሕር የላትም። ሆኖም ከተማዋ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ ወደብ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ በመድረሱ ስለሆነ፣ እኛ ድሬዎች ስለ ባሕሩ የምናወራው ስለ ጎረቤት ሠፈር እንደምናወራው ነው፤ ብዙዎቻችን እዚያ ዘመድ አለን፣ ሁላችንም ደግሞ የምናውቀው ይመስለናል። እኔ ጅቡቲ ውስጥ በአንድ የባሕር ዳርቻ ቦርድ እያከራየሁና እንግዳ እያስቀዘፍሁ ዓመታት ከቆየሁ በኋላ ወደ ከተማዬ ተመልሻለሁ። ወቅቱ ሲደርስ ከከዚራና ከመጋላ ልጆች ጥቂቱን ይዤ እወርዳለሁ፤ በየዓመቱም ፊቶቹ ይለወጣሉ እንጂ ስህተቶቹ አይለወጡም።

ነፋስን ከጀርባ አድርጎ መቅዘፍ ምን እንደሆነ ለማያውቀው ሰው ባጭሩ ላስረዳ። አራት ሜትር ገደማ በሚረዝም ቦርድ ላይ ቆሞ፣ ረጅም መቅዘፊያ ይዞ፣ ነፋሱን ለጀርባ ሰጥቶ፣ ነፋሱ በሚያስነሣው ሞገድ ላይ እየተንሸራተቱ ከአንድ ዳርቻ ተነሥቶ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ ሌላ ዳርቻ መውረድ ነው። በጸጥታ ውኃ ላይ የሚቀዝፍ ሰው ሲደክመው ዞሮ ይመለሳል፤ በነፋስ የሚሄድ ሰው ግን በመጣበት መንገድ አይመለስም። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ አንድ ነገር ነው።

ጸጥ ያለውን ዳርቻ ማመን

ጀማሪ የሚያየው እግሩ ሥር ያለውን ውኃ ነው። ነፋሱ ከመሬት ወደ ባሕር ሲነፍስ ግን ዳርቻው ላይ ያለው ውኃ ለጥ ብሎ ይተኛል፤ ሞገድ የሚያድገው ነፋሱ በውኃ ላይ ረጅም መንገድ ሲጓዝ ስለሆነ፣ ገና ከመሬት የለቀቀ ነፋስ የሚያነሣው ሞገድ የለም። ጥቂት መቶ ሜትር ሲገቡ ውኃው መናጥ ይጀምራል፣ ኪሎ ሜትር ሲገቡ ነጭ አረፋ በየቦታው ይታያል፣ ያን ጊዜ ፊትን አዙሮ ለመመለስ ሲሞከር ቦርዱ ባለበት ይቆማል ወይም ወደ ኋላ ይሄዳል። ከተማችንን የሚያቋርጠውን የአሸዋ ወንዝ፣ ደቻቱን፣ እያየ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ሊቸግረው አይገባም ነበር። አሸዋው ደርቆ፣ ሰማዩ ከላያችን ጠርቶ ሳለ ዝናቡ የሚዘንበው ከኛ በላይ ደጋው ላይ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከ200 በላይ ሰው የቀጠፈው ጎርፍም ሌሊት ከላይ ነው የመጣብን።

የጅቡቲው የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ነፋስ እንደ ወቅቱ አቅጣጫውን ይለውጣል። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ገደማ ከምሥራቅ፣ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል እየመጣ ወደ ውስጥ ይገፋል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ግን ኻምሲን የሚሉት ትኩስ፣ ደረቅና አቧራ ያዘለ ነፋስ ከምዕራብ ይነሣል፤ የሚገፋውም ወደ ሰፊው ባሕር ነው። በኻምሲን ወቅት ማንንም ይዤ አልወርድም። ይህን ያስተማረኝ የራሴ ሞኝነት ነው። እዚያ በገባሁ በሁለተኛው ክረምት፣ አንድ ጠዋት ውኃው እንደ መስታወት ተኝቶ ባየው ጊዜ፣ ስልክ ሳልይዝ፣ በቁምጣ ብቻ፣ «ትንሽ ልንሸራተት» ብዬ ገባሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ከአንድ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ጎን ተንጠልጥዬ ነበር። ሽማግሌው አጥማጅ ገመድ ወረወሩልኝ፣ ውኃ ሰጡኝ፣ እስከ ዳርቻው ድረስም አንድ ቃል አልተነፈሱም። ስንደርስ ብቻ በአገጫቸው ወደ አንድ ሕንፃ ጣራ አመለከቱኝ፤ ባንዲራው ተወጥሮ ጫፉ ወደ ባሕሩ ይጠቁም ነበር። በየቀኑ ከሥሩ ስቀመጥ የኖርሁበት ባንዲራ ነው።

ነፋሱን በጆሮ መለካት

በ20 ኖት የሚነፍስ ነፋስ በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ቦርዱ በ6 ኖት ወደዚያው አቅጣጫ ሲሄድ ጀርባ ላይ የሚሰማው 14 ኖት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቀዛፊው ነፋሱ የበረደ ይመስለዋል፣ ይበረታታል፣ ከዳርቻውም ይርቃል። በዚህ ላይ ነፋሱ በእጥፍ ሲጨምር ኃይሉ በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ እንደሚጨምር አብዛኛው ሰው አያስተውልም፤ በ10 ኖት ላይ የተዝናና ሰው 20 ኖትን «ትንሽ ጠንከር ያለ» አድርጎ ይገምታል። ትንበያውን በቁጥር ማንበብ፣ አማካዩን ብቻ ሳይሆን ድንገተኛ ግፊቱንም መመልከት፣ በጉዞ መካከልም አልፎ አልፎ ቁጭ ብሎ ፊትን ወደ ነፋሱ ማዞር ያስፈልጋል። እኔ ለጀማሪ ከ15 ኖት በላይ አልፈቅድም። ሲያጉረመርሙ እሰማለሁ፤ ያጉረምርሙ።

ሐሮማያ ሐይቅ ላይ የቻለ ሁሉ ባሕር ላይ ይችላል ብሎ ማሰብም የዚሁ ዘመድ ነው። ሐይቁ ደርቆ ከቆየ በኋላ በመመለሱ ከማንም በላይ ደስ ያለኝ እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ሚዛን ለመለማመድ፣ ወድቆ ለመነሣት፣ መቅዘፊያ አያያዝ ለመማር ከዚያ የተሻለ ቦታ በአቅራቢያችን የለም። ነገር ግን ነፋሱ የሚሮጥበት ርቀት አጭር በመሆኑ እውነተኛ ሞገድ አይሠራም፣ የደከመው ልጅም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሣሩ ላይ ነው።

ሊሹን መፍታት

ስለዚህኛው በትዕግሥት መጻፍ አልችልም። ሊሽ ቦርዱን ከቀዛፊው እግር ጋር የሚያያይዝ ገመድ ነው። ዋጋው ከቦርዱ ዋጋ ጋር ሲተያይ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም፣ ለማሰር የሚወስደው ጊዜ ጫማ ከማሰር ያንሳል፣ ሆኖም በየጉዞው አንድ ሰው ይፈታዋል። አንዱ «ይጠልፈኛል» ይላል፣ ሌላው «ፎቶ ላይ አያምርም» ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ በዚህ ሥራ ውስጥ ከምሰማቸው ቃላት ሁሉ የሚያስፈራኝን ቃል ይናገራል፦ «አቦ ጋሼ፣ አብሽር! ዋና እችላለሁ እኮ።»

ዋና መቻል ከዚህ ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር የለም። ደህና ዋናተኛ የሚባል ሰው በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ያህል ይዋኛል፣ ያውም ጸጥ ባለ ውኃ። ሰው የሌለበት ቦርድ ግን ክብደት ስለሌለው በጠንካራ ነፋስ ተገልብጦ በውኃው ላይ እንደ ቅጠል ይበራል፤ ሰውየው ወድቆ፣ ውኃ ተፍቶ፣ ዓይኑን ጠርጎ ቀና እስኪል ድረስ ቦርዱ ሊደርስበት የማይችልበት ርቀት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጭንቅላት ብቻ ነው። በሚናጥ ባሕር ላይ የሰው ጭንቅላት ከሁለት መቶ ሜትር አይታይም፤ ሞገዱ ከፍ ሲል ይሸፍነዋል፣ ዝቅ ሲል አረፋው ይመስለዋል።

ይህን የምለው አይቼ ነው። ሊሹን እግሩ ላይ ስለጠበበው ፈትቶ በቦርዱ ጫፍ ላይ የጠቀለለው የሃያ ዓመት ወጣት ከፊቴ ነበር። ወደቀ፣ ቦርዱ ሄደ። እኔ ከኋላ ስለነበርሁ ደረስሁበት፤ የደረስሁበትም የለበሰው ላይፍ ጃኬት ብርቱካናማ በመሆኑ ብቻ ነው፣ እሱንም ጠዋት ያለበስሁት እየተጨቃጨቅሁ ነበር። ሁለታችንም በአንድ ቦርድ ላይ በሆዳችን ተኝተን፣ በእጃችን እየቀዘፍን ዳርቻ ስንደርስ ልጁ ከንፈሩ ጨው ለብሶ፣ ጥርሱ በዚያ ሙቀት ይንቀጠቀጥ ነበር። ቦርዱን እስከ ዛሬ አላየነውም።

ስለ አመራረጡ ጥቂት ልጨምር። ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ እንደ ስፕሪንግ የተጠማዘዘውና ከጉልበት ሥር የሚታሰረው ይመረጣል፤ በውኃ ውስጥ አይጎተትም፣ እግርም አይጠልፍም። ማጣበቂያው በጨውና በፀሐይ ስለሚያልቅ ከየጉዞው በፊት በኃይል ስቦ መፈተን፣ ከቦርዱ ጋር የሚያያዝበትን ቀጭን ሲባጎም በጣት መዳሰስ ይገባል። በወንዝ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ገመዱ በግንድ ወይም በድንጋይ ሲያዝ ወራጁ ውኃ ሰውየውን ወደ ታች ስለሚጫነው፣ እግር ላይ ማሰር ገዳይ ነው፤ እዚያ ወገብ ላይ ታስሮ በአንድ መሳብ የሚፈታው ዓይነት ያስፈልጋል።

ጎበዙን ከፊት ማስቀደም

የጉብኝት መሪ ከፊት ይሄዳል፣ የግመል መሪም እንዲሁ፤ በዚህ ስፖርት ግን ከሁሉ የሚበረታው ሰው የመጨረሻው መሆን አለበት። ከፊት ያለው ጎበዝ ከኋላው ሰው ቢወድቅ ነፋሱን ተቃውሞ መመለስ አይችልም፣ የወደቀውን ለማበረታታት የሚጮኸውንም ነፋሱ ከአፉ ነጥቆ ወደ ፊት ይወስደዋል። ከኋላ የሚመጣ ሰው ግን ወደ ማንም ለመድረስ ነፋሱ ያግዘዋል። የኔን ፉጨት ስትሰሙ ቁጭ በሉ እላቸዋለሁ፤ ቆሞ የሚቀር ሰው አካሉ ሸራ ስለሆነ እየተገፋ ይርቃል።

ለደከመ ሰውም መልሱ ይኸው ነው። መጀመሪያ በጉልበት መንበርከክ፣ ያም ካልበቃ መቅዘፊያውን ከሆድ ሥር አድርጎ በደረት መተኛትና በእጅ መቅዘፍ። ቦርድን ትቶ ወደ ዳርቻ መዋኘት በምንም ሁኔታ አይደረግም።

ስለ አቀዛዘፍ ብዙ ማለት አልፈልግም፣ በቃል የሚማሩት አይደለምና። ጀማሪዎች ሞገዱ መጣ አልመጣ ለማየት ወደ ኋላ ይዞራሉ፣ ሲዞሩ ይወድቃሉ፤ መታየት ያለበት ከፊት ያለው ጉድጓድ ነው። የቦርዱ ጅራት ከፍ ማለት ሲጀምር ሦስት አራት ጊዜ ፈጥኖ መቅዘፍ፣ ቦርዱ መንሸራተት እንደ ጀመረ አንድ እግርን ወደ ኋላ ስቦ አፍንጫው እንዳይጠልቅ መጫን፣ ከዚያ ማረፍ። ሳያቋርጥ የሚቀዝፍ ልጅ ግማሽ መንገድ ላይ ክንዱ ያልቃል።

ጫት ቅሞ መምጣት

ይህን በድሬ ቋንቋ ብናገረው ይቀለኝ ነበር። በርጫው ለራሱ ጊዜ አለው፤ እኔም አልጠላውም። ከባሕር በፊት ግን ጫት ልብን ያስመታል፣ ረሃብን ይይዛል፣ ከሁሉም በላይ ድካምን ይደብቃል፤ የመረቀነ ቀዛፊ ጉልበቱ ማለቁን የሚያውቀው ካለቀ በኋላ ነው። በዚያ ላይ ነፋሱ ላቡን ወዲያው ስለሚያደርቀው ያላበው አይመስለውም። ቢያንስ ሁለት ሊትር ውኃ ጀርባ ላይ መያዝ ግዴታ ነው፤ ቦርዱ ላይ የታሰረ ጠርሙስ በሦስተኛው ውድቀት ይጠፋል።

ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ አይጀመርም። በዚያ አካባቢ ፀሐይ ከጠለቀች ወዲያ ምሽቱ አይዘገይም።

የማያውቁትን መውረጃ መምረጥ

ነፋስ ከዳርቻው ጋር ትክክል አይነፍስም፤ ሁልጊዜ ትንሽ ይጣመማል፣ ያም ጥቂት ማዘንበል በአሥር ኪሎ ሜትር ውስጥ ሰውን ከታሰበው ቦታ አሳልፎ ይወስደዋል። ስለዚህ መውረጃው አስቀድሞ በእግር መታየት፣ ከእሱ በፊትም ቢያንስ አንድ ሌላ መውጫ መታወቅ አለበት። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ምዕራባዊ ጫፍ ወዳለው ወደ ጉብቤት መግቢያ የሚወስደውን ጠባብ መተላለፊያ ለጀማሪ ጨርሶ አላሳየውም፤ የባሕሩ ውኃ በሞላና በጎደለ ቁጥር እንደ ወንዝ ስለሚፈስ፣ ነፋስና ወራጅ ውኃ ፊት ለፊት ሲገናኙ ሞገዱ ቁመቱ ይጨምራል፣ እርስ በርሱም ይቀራረባል።

ስልክ ውኃ በማያስገባ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ከሰውነት ጋር ይታሰር፤ ሲም ካርዱ ከድንበሩ ማዶ የሚሠራ መሆኑ ደግሞ አስቀድሞ ይረጋገጥ። የባሕር ሬድዮ ያለው ሰው ለአደጋ ጥሪ ቻናል 16ን ይጠቀማል። በየብስ ለሚቀረው ሰው የመነሻው ሰዓት፣ የመውረጃው ስምና «እስከዚህ ሰዓት ካልደወልሁ ጥሪ አድርግ» የሚለው ሰዓት በወረቀት ተጽፎ ይሰጠው፤ በቃል የተነገረው ይረሳል።

መኪናን በሚመለከት አንዱ መውረጃው ላይ፣ ሌላው መነሻው ላይ ይቆማል። ይህን ለሌሎች ለዓመታት ሳስተምር ከኖርሁ በኋላ፣ አንድ ቀን አራት ልጆች ይዤ በሰላም ከወረድን በኋላ የታችኛው መኪና ቁልፍ በላይኛው መኪና ውስጥ፣ በሱሪዬ ኪስ መቅረቱን ተረዳሁ። ቦርዶቹን በድንጋይ ተጭነን፣ እርጥብ ልብስ ለብሰን አስፋልቱ ዳር ለሁለት ሰዓት ተቀመጥን። ከልጆቹ አንዱ እስከ ዛሬ ከዚራ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ከሩቅ ሆኖ ኪሱን ይነካካል።